ጥያቄና መልስ፦ በቁጠባና ብድር ማኅበር ሥራ ላይ የሥራ ፍላጎት ሲጠፋ

ጥያቄ

የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ በአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ በብድር ባለሙያነት አገለግላለሁ። ሥራውን የጀመርኩት ባንክ ፊት የሚነሣቸውን ሰዎች ለመርዳት በማሰብ ነበር። አሁን ግን ቀኑን የማሳልፈው ቅጽ ሳስሞላ፣ የዋሶችን ፊርማ ሳመሳክርና ውዝፍ ላለባቸው አባላት ስደውል ነው። ብድር የተከለከለ ሰው ያማርረኛል፤ የተፈቀደለት ደግሞ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ የማገኘው ክፍያ ሲያዘገይ ብቻ ነው። በየዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ «አባላትን ማገልገል ክብር ነው» ይባላል፤ በማግስቱ ያው ቅጽ ይጠብቀኛል። ባንክ የሚሠሩ ጓደኞቼ ከእኔ የተሻለ ይከፈላቸዋል። የቀድሞ ፍላጎቴን መመለስ የምችልበት መንገድ አለ ወይስ ጊዜዬን እያባከንኩ ነው?

የብድር ባለሙያዋ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ የድካምዎ አንዱ ምንጭ ሥራውን እንደ በጎ አድራጎት ቆጥረው መጀመርዎ ይመስለናል። በዚያ ዓይን ከታየ ማመልከቻን ውድቅ ማድረግ ሽንፈት፣ ስለ ውዝፍ መደወልም ጭካኔ ይሆናል። እንደ እርስዎ ማኅበር ያሉ ተቋማት ግን የተፈጠሩት በጎ አድራጎት ብቻውን ሩቅ እንደማያስኬድ በተግባር ከታየ በኋላ ነው። በጀርመን የቬየርቡሽ ከንቲባ የነበረው ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ራይፋይዘን፣ እ.ኤ.አ. በ1846 እና በ1847 መካከል በነበሩት የረኃብና የብርድ ወራት ባለጸጎችን አስተባብሮ ለችግረኞች ዳቦ በዱቤ የሚያቀርብ ማኅበር አቋቁሞ ነበር። ቀጥሎ በተዛወረበት ስፍራም በሀብታሞች ድጋፍ የሚንቀሳቀስ የርዳታ ማኅበር ሞከረ። የባለጸጎቹ ቸርነት እየቀዘቀዘ ሲሄድ ግን፣ በ1864 በሄደስዶርፍ የተቋቋመው የብድር ማኅበር በሌላ መሠረት ላይ ቆመ፤ ተበዳሪው ራሱ አባል ሆነ፣ አባላቱም ለማኅበሩ ዕዳ በጋራ ተጠያቂ ሆኑ።

ይህ ለውጥ በእርስዎ ጠረጴዛ ላይ ያለውን የዕለት ተዕለት ሥራ ትርጉሙን ይቀይረዋል። ከፊትዎ የሚቀመጠው አንድ አመልካች ቢሆንም ውሳኔው የሚነካው ቢያንስ ሁለት ሰዎችን ነው፤ ሁለተኛው፣ ከገቢው ላይ እየቀነሰ የቆጠበውና ገንዘቡን በፈለገው ጊዜ እንደሚያገኘው አምኖ የተቀመጠው አባል ነው። ይህ ሰው ወደ ቢሮዎ መጥቶ «ቁጠባዬን ስለ ጠበቁልኝ አመሰግናለሁ» አይልም። የሚያስታውስዎ ገንዘቡ የጎደለ ዕለት ብቻ ነው። ስለዚህ የሥራዎ ግማሽ፣ ምናልባትም የሚበልጠው ግማሽ፣ በተፈጥሮው ምስጋና የሌለው ነው። ምስጋናን የዓላማ መለኪያ ካደረጉ ሁልጊዜ ጎዶሎ ሆኖ ይታይዎታል።

ስለ ውዝፍ የሚደረገው ጥሪም እንዲሁ ነው። አንድ ክፍያ ሲያልፍ የሚደረግ ጥሪ የክፍያ ጊዜውን ለማስተካከል፣ የተበዳሪውን ችግር ለመስማትና ዕዳው ሳይከመር መፍትሔ ለመፈለግ ጊዜ ይሰጣል። ለሰው ማዘን መስሎን የዘገየነው ጥሪ ግን መጨረሻው ዋሱን ማስጨነቅ ነው፤ ዋሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እርስዎ ሊያገለግሉት የተቀጠሩለት ሌላ አባል ነው። ክልከላን በተመለከተ አንድ ነገር እንጨምር። ብድር መፍቀድ ማንም የሚችለው ነገር ነው፤ ምክንያቱን አስረድቶ፣ አመልካቹ ቁጠባውን ምን ያህል ቢያሳድግ፣ የትኛውን ዕዳ ቢቀንስ ወይም የጠየቀውን መጠን ወደ ስንት ቢያወርደው እንደሚፈቀድለት ነግሮ መሸኘት ግን ሙያ ይጠይቃል። በዚህ መንገድ የተሸኘ ሰው ቅር ቢለውም ተመልሶ የሚመጣበትን መንገድ ያውቃል። «ኮሚቴው አልፈቀደም» በሚል አጭር ቃል የተሰናበተ ሰው ቢያማርር አንፈርድበትም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። የሥራዎ አደረጃጀት ውጤቱን ይደብቅብዎታል፤ ብድሩ ሲበላሽ ያያሉ፣ ሲሠራ አያዩም። ይህ ምን ያህል ጉዳት እንዳለው የሥራ ሥነ ልቦና ተመራማሪው አዳም ግራንትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት ጥሩ ማሳያ ነው። ጥናቱ የተደረገው ለአንድ ዩኒቨርሲቲ በስልክ መዋጮ በሚሰበስቡ ሠራተኞች ላይ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ቡድን፣ በሚሰበሰበው ገንዘብ የትምህርት ወጪው ከተሸፈነለት አንድ ተማሪ ጋር ለአምስት ደቂቃ ያህል እንዲነጋገር ተደረገ። ከአንድ ወር በኋላ የዚህ ቡድን አባላት በስልክ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ በ142 በመቶ፣ የሚሰበስቡት ገንዘብም በ171 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ደመወዛቸውም ሆነ የሥራ ሁኔታቸው አልተለወጠም፤ ያገኙት አንድ ሰው ነው። በጠቅላላ ጉባኤ የሚሰሙት ንግግር እስከ ማግስቱ እንኳ የማይቆየው ለዚህ ይመስለናል፤ «አባላት» የሚለው ጥቅል ስም ፊት የለውም።

ስለዚህ አለቃዎን አስፈቅደው አንድ አሠራር ይጀምሩ። አንድ አባል ብድሩን ከፍሎ ሲጨርስ ሰነዱን ከመዝጋትዎ በፊት ይደውሉለት ወይም ያነጋግሩት፤ ገንዘቡ ምን ላይ እንደ ዋለ፣ ምን እንደ ቀለለለት፣ ክፍያው የከበደው በየትኛው ወቅት እንደ ነበር ይጠይቁት። መልሱን በማስታወሻ ይያዙ፤ ለሥራ ባልደረቦችዎ የሚያካፍሉት ከሆነ ግን የአባሉን ፈቃድ ማግኘትና ማንነቱን መጠበቅ ግዴታ ነው። ያማሩ ታሪኮችን ብቻ እንዳይሰበስቡ እንመክራለን። ብድሩ ያልጠቀመው ሰው የሚሰጥዎ መልስ ቀጣዩን ማመልከቻ ሲመረምሩ ከማንኛውም ሥልጠና በላይ ይጠቅምዎታል፤ በሙያው እየበሰሉ መሄድዎን ማየትም ራሱን የቻለ የሥራ ፍላጎት ምንጭ ነው።

ቅጹና ፊርማው አሰልቺ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ቅጽ የማያስሞላ አበዳሪም አለ፤ እርሱ አራጣ አበዳሪው ነው። የካናዳ ምክር ቤት ክርክሮች መዝጋቢ የነበረው አልፎንስ ዴጃርዳን እ.ኤ.አ. በ1897 አንድ ሰው ለ150 ዶላር ብድር 5,000 ዶላር ወለድ እንዲከፍል መፈረዱ በምክር ቤቱ ሲነገር ሰማ። ከዚያም ጉዳዩን ለዓመታት አጥንቶ በ1900 በሌቪ ከተማ የሕዝብ የቁጠባና ብድር ማኅበር አቋቋመ። በጥር 1901 ሥራ ሲጀመር የመጀመሪያው ተቀማጭ 10 ሳንቲም ነበር፤ የዕለቱም ጠቅላላ ገቢ 26 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነበር። ዴጃርዳን በምክር ቤቱ ሥራው ምክንያት ለወራት ወደ ኦታዋ ሲሄድ፣ ሂሳቡን በቤቷ ውስጥ ስትከታተልና አባላትን ስታስተናግድ የቆየችው ባለቤቱ ዶሪሜን ናት። አሥር ሳንቲሟ በትክክል ባትመዘገብ ኖሮ ሁለተኛ የሚያስቀምጥ ሰው ከየት ይመጣ ነበር? እርስዎ የሚያመሳክሩት ፊርማም የዚሁ ሥራ ቀጥታ ወራሽ ነው።

ስለ ደመወዝ ያነሱት ነጥብ በዓላማ ስም ሊታለፍ አይገባውም። የሥነ ልቦና ምሁሩ ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ እንዳስረዳው፣ ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ሲጎድሉ ሠራተኛውን ያስከፋሉ፤ ሲሟሉ ግን በራሳቸው ትጋትን አይፈጥሩም። ደመወዝና የሥራ ፍላጎት የተለያዩ ጉዳዮች ስለሆኑ አንዱ የሌላው ምትክ አይሆንም፤ «ለአባላት ስትሉ ታገሡ» የሚል አመራርም ችግሩን ወደ ሠራተኛው እየገፋ ነው። የሚያስተናግዱትን የማመልከቻ ብዛትና የብድር አመላለሱን ሁኔታ በጽሑፍ አደራጅተው ጥያቄዎን ለሥራ አመራሩ ያቅርቡ። ባንክ ቢገቡም ቅጹ አይቀርልዎትም፤ ለተሻለ ክፍያ መሄድ ግን ነውር አይደለም።

በመጨረሻ በደብዳቤዎ ያላነሱትን እኛ እንጠይቅ። የብድር ኮሚቴው ውድቅ ያደረገው ማመልከቻ በቦርድ አባል ዝምድና ተመልሶ ይጸድቃል? የቁጥጥር ኮሚቴው ይህን እያየ ዝም ይላል? እንዲህ ያለ ነገር ካለ የጠፋው የእርስዎ የሥራ ፍላጎት ብቻ አይደለም፤ እስካሁን የመከርንዎትም አይሠራም። በዚህ ሁኔታ ያዩትን ከነማስረጃው በጽሑፍ ለቁጥጥር ኮሚቴው ያቅርቡና መልሱን ይጠብቁ። ኮሚቴው ጉዳዩን መርምሮ ለጠቅላላ ጉባኤው ካቀረበው የሚቆዩበት ማኅበር አለዎት፤ ደብዳቤዎን አፍኖ ካስቀረው ግን የባንኩን ማመልከቻ ለመሙላት አያመንቱ።