ወልዳ ለመሮጥ ለቸኮለችው ልጄ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ሯጭ ጥያቄ ላከችልኝ። «ከወለድኩ ሁለት ወር ሆነኝ፤ ሩጫ መቼ ልጀምር? ጥሩዬ እንኳ በዓመቷ ተመልሳ የለ?» ትላለች።

እንኳን ማርያም ማረችሽ። በዓመቷ ግን አይደለም። ጥሩነሽ ዲባባ የወለደችው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2015 ነው። ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ያገኘችው ነሐሴ 2016 ነው። ዓመት ከአምስት ወር በሉት። ደራርቱም በ1998 ወልዳ ሲድኒ ላይ ወርቅ የወሰደችው በ2000 ነው። እናንተ የምታዩት ሜዳሊያውን ነው፤ በመሃል ያለውን ጊዜ ማንም ቪዲዮ አይቀርጸውም።

ጥያቄው ግን ሌላ ልጅ አስታወሰኝ። ለብዙ ዓመት የክለብ ወጌሻ ነበርኩ። ኮረኮንች ላይ ወንዶቹን የምታስጨንቅ አንዲት ልጅ ነበረችን። ወልዳ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላት ሰንዳፋ ልምምድ መጣች። ማናጀሯ ውድድር ይዞላት ነበር። ሁሌ ጥቁር ታይት ትለብሳለች፤ ፀሐይ ቢሆንም ጃኬት ወገቧ ላይ ታስራለች። ውሃ ስንሰጣት «በቃኝ» ትላለች። ባቷ ሲሸማቀቅ እኔ አሻለሁ፤ ቅባት እቀባለሁ፤ ሙዝ ብዪ እላታለሁ። አንድ ጠዋት ቁልቁለት ላይ ስፒድ፣ የፍጥነት ልምምድ፣ እየሠሩ ከቡድኑ ተነጥላ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ልጆቹ ተሳሳቁ። በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ካምፑን ለቀቀች። ማናጀሩም ደግሞ አልደወለላትም።

ከዓመታት በኋላ ልቅሶ ቤት ተገናኘን። ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየላጥን ነገረችኝ። ስትሮጥ ሽንቷ ያመልጣት ነበር። ውሃውን የምትተወውም፣ ጃኬቱን የምታስረውም ለዚያ ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ለማን ልንገር? አሰልጣኙ ወንድ፣ ማናጀሩ ወንድ። አንቺ የምታዪው ባቴን ብቻ» አለችኝ። ይህ ንግግሯ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ከሆድ በታች ፊኛንና ማህፀንን ደግፎ የሚይዝ ጡንቻ አለ። ዘጠኝ ወር ተሸክሞ፣ በምጥ ጊዜ ተለጥጦ ይዝላል። የሚስተካከል ነገር ነው። ሽንት ለመያዝ እንደምታደርጊው ጨበጥ አድርጎ መልቀቅ ነው፤ በየቀኑ፣ ለወራት። ባለሙያዎች ቢያንስ 3 ወር ሳይሞላ መሮጥ አይጀመር የሚሉት በዚህም ምክንያት ነው። በኦፕራሲዮን የወለደች ደግሞ ሐኪሟን ሳታማክር አትሞክረው። 3 ወር ሞላ ማለትም ሩጪ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለሽ ተራመጂ። ምንም ካላመለጠሽ፣ ከታች ወደ መሬት የሚጎትት ስሜት ከሌለሽ፣ ያኔ አንድ ደቂቃ ሮጠሽ ሁለት ደቂቃ እየተራመድሽ ጀምሪ።

እንዲህ ስል አራስ ቤት ተኙ ማለቴ አይደለም። ገንፎውን ብሉ፤ እኔም የአራስ ቤት ገንፎ ከተባለ አልቀርም። ግን ከአልጋ ተነሱ። እርጉዝም ሆናችሁ፣ ድሮም ሯጭ ከነበራችሁና ሐኪም ካልከለከለ፣ እያወራችሁ የምትሮጡት ሩጫ አይጎዳም። ደም፣ ማዞር ወይም የፈሳሽ መፍሰስ ካያችሁ ግን ወዲያው አቁሙና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እንጦጦን በኢዚ፣ በቀስታ ሩጫ፣ ስንወጣ ሆዳቸው የገፋ ሴቶች የባሕር ዛፍ ጭነት አዝለው ሲወርዱ እናገኛቸው ነበር። መቼ ነው የምታርፉት ብሎ የጠየቃቸው የለም። እነሱን ሳስብ የእኔ ምክር ራሱ ቅንጦት ይመስለኛል።

የዘንድሮ ልጆች የምትገርሙኝ በእጅ ሰዓታችሁ ነው። እሱ አገግመሻል ካለ አገገምን ትላላችሁ። ስለ ሽንት መቼም አይነግራችሁም። በአንድ ነገር ግን ትበልጡናላችሁ፤ ትጠይቃላችሁ።

እንግዲያው ስፖንሰር ስለሚከፍላችሁ ገንዘብም ጠይቁ። አሜሪካዊቷ ሯጭ አሊሰን ፊሊክስና ሌሎች ሴት አትሌቶች በአደባባይ ከተናገሩ በኋላ፣ የስፖርት ጫማ ኩባንያው ናይኪ እ.ኤ.አ. በ2019 በእርግዝና ምክንያት ለ18 ወር ክፍያ እንዳይቀነስ ከአትሌቶቹ ጋር ያለውን ውል አሻሽሏል። ያንን ያመጣው የሴቶቹ አፍ ነው። እናንተም ከመፈረማችሁ በፊት ስለ እርግዝና የሚለውን አንቀጽ የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ። ከሌለ ይግባልን በሉ። ማናጀሩ ካኮረፈ ያኩርፍ።