መልስ፦ ቪዲዮውን ሼር አታድርጊው

እህቴ፣ «በብሔር የሚያባላ ቪዲዮ ፌስቡክ ላይ አየሁ፤ ሼር አድርጌ ላጋልጠው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እባክሽ ተዪው። ለማጋለጥ ብለሽ ብትለጥፊውም፣ ላላየው ሰው የምታደርሺው አንቺ ነሽ። መጀመሪያ ስክሪንሾት አንሺ። ሊንኩን፣ የገጹን ስምና ቀኑን ያዢ፤ ነገ ቢጠፋ ማስረጃ አይኖርሽም። ከዚያ ሪፖርት አድርጊ።

ሕጉማ አለ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን ይከለክላል። ማኅበራዊ ሚዲያዎችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱት ይላል። የሚያሳዝነኝ ግን፣ በአማርኛ በቅኔ የተሸፈነ ስድብ ይዘት የሚያጣራውን ማሽን በቀላሉ ያልፈዋል። ለዚህ ነው የሰው ጥቆማ የሚያስፈልገው።

ቪዲዮው የሰው ስም ወይም የመኖሪያ ሰፈር ጠርቶ «በሉት» የሚል ከሆነ ግን የፌስቡክን መልስ አትጠብቂ። ዛሬውኑ ለፖሊስ አሳውቂ፤ የተጠቀሰውንም ሰው ካወቅሽው ደውዪለት።