ባሕርይና ጠባይ፦ ካርድ ላይ የትኛው ይጻፍ?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። የልጄ የትምህርት ቤት ካርድ ላይ «ባህሪ፦ በጣም ጥሩ» ተብሎ መጣ። አባቴ ግን «ባሕርይ አብሮ የሚወለድ ነው፤ አስተማሪ ማርክ አይሰጠውም፤ ጠባይ ነው መባል ያለበት» ይላሉ። ልክ ናቸው?

መልስ፦ አባትዎ ልክ ናቸው። ማስረጃውም እዚያው ከተማዎ አለ። ቀፊራ ገበያ መሀል የእናቷን ቀሚስ የምትጎትት ልጅ ምን ትባላለች? «ጠባይ ይዘሽ ቁሚ!» ባሕርይ ይዘሽ ቁሚ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ጠባይ ይያዛል፣ ይበላሻል፣ ይታረማል። ባሕርይ ግን ሌላ ነው። ደቻቱን ይዩት። በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ከላይ ከተራራው ሲዘንብ ግን፣ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ድንገት ሞልቶ ይመጣል። ባሕርዩ ነው። ተቆጥቶ የሚመልሰው የለም።

ቃሉን በጣም የምወደው በመነሻው ነው። ባሕርይ በግዕዝ ዕንቁ ነው፤ ያ ከባሕር የሚወጣው። ማቴዎስ 13 ላይ መልካም ዕንቁ የሚሻው ነጋዴ በግዕዙ የሚፈልገው «ባሕርይ» ነው። ያው ቃል ደግሞ ከአንድ ነገር የማይለይ ተፈጥሮ ማለትም ሆነ። ጀጎል ውስጥ ዐረብኛ የቀራ ሰው ይህ አይገርመውም፤ ጀውሀርም ዕንቁ ነው፣ የነገር ፍሬ ነገርም ነው። የቤተ ክህነት ሊቃውንት ሥጋ የተጣመረባቸውን ነፋስ፣ እሳት፣ ውሃና መሬት «አራቱ ባሕርያት» የሚሏቸውም ለዚህ ነው። («ባሕርያቶች» አይበሉ። ባሕርያት ራሱ ብዙ ነው።)

ጠባይ በግዕዝ ጠባይዕ ነው፤ የመጣው ከዐረብኛ ነው። ሥሩ ማተም ማለት ነው፤ ማተሚያ ቤትም በዐረብኛ መጥበዓ ይባላል። ስለዚህ ድሮ እሱም በሰው ላይ የታተመ ተፈጥሮ ነበር። አማርኛችን ነው ወደ ምግባር ያመጣው። «ፀባይ» ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው፤ ከሥሩ ግን በጠ ነው።

የጤናና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች «የባህሪ ለውጥ» ይላሉ። ለምዷል፤ አልጣላውም። ካርዱ ላይ ግን «ጠባይ» ይሁን። ልጅዎ የተመሰገነችው ተራ ስለጠበቀች፣ ሰው ስላከበረች ነው። ዝምተኛ ወይም ተጫዋች ሆና መፈጠሯ ማርክ አያስፈልገውም። አባትዎን ሰላም ይበሉልኝ።