ለሚዜዋ እህቴ፦ ገንዘቡን ከመክፈልሽ በፊት መስኮት አጠገብ ተቀመጪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ጠይም ነሽ፣ እዚሁ ሐዋሳ ባንክ ትሠሪያለሽ፣ በቅርቡ ለጓደኛሽ ሚዜ ትሆኛለሽ። ከጸደይ፣ ከበጋ፣ ከመኸርና ከክረምት የየትኛው ወቅት ቀለም እንደሚስማማሽ የሚነግር ስቱዲዮ አግኝተሽ ዋጋው ከበደሽና «ገንዘቡን ያህል ይጠቅማል ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽ። የያዝሽው እኔ ያለፍኩበትን መንገድ ነው፤ ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ሙያው በትክክል ሲሠራ ይጠቅማል፣ ለብዙ ዓመት ከማይለበስ ልብስ ያድናል። ነገር ግን ባዶ ፊትሽን በቀን ብርሃን ሳያይ፣ አንድ ጨርቅ እንኳን አገጭሽ ሥር ሳያደርግ ለሚፈርድ ሰው አንድ ብር አትስጪ።

አንደኛ፣ ብርሃኑ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ፀሐይ በቀጥታ የማትገባበት መስኮት ፊት ለፊት ተቀመጪ፤ የቤቱን መብራት አጥፊ። ግድግዳው አረንጓዴ ወይም ሮዝ የተቀባ ከሆነ ሌላ ክፍል ፈልጊ፣ ቀለሙ ፊትሽ ላይ ያርፋል። ግቢ ውስጥ ልሞክር ብለሽም ዛፍ ሥር አትቁሚ፤ በቅጠል መካከል የሚወርድ ብርሃን ፊትን አረንጓዴ ያለብሰዋል፣ ከተማችን ደግሞ ጥላ አያጣም። ገበያም ያው ነው። ሰማያዊ ሸራ በተዘረጋበት መደብ ሥር የታየ ጨርቅ ሁሉ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ያንኑ ጨርቅ ብርቱካንማ ሸራ ሥር ብታዪው አታውቂውም። ባለሱቁ ቢቆጣም ወደ ደጅ አውጥተሽ እዪው። እኔ ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ «የማትገዢ ከሆነ አታውጪው» ተብዬ ጨርቁን ከእጄ ተነጥቄአለሁ። ወጥቼ ከጎረቤቱ ገዛሁ፤ እስከ ዛሬም ሰው ወደዚያ ሱቅ አልልክም።

ሁለተኛ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ ቅባትም ሜካፕም አይኑር። የአንገት ሐብልሽን አውልቂ። ሂና ከተቀባሽ ወይም ሹሩባሽ ውስጥ ቀላ ያለ ሰው ሠራሽ ፀጉር ካለ በግራጫ ጨርቅ ሸፍኚው። ነጠላ አይሁን፤ የእጅ ፈትል ነጠላ ራሱ ወደ ክሬም የሚያደላ ቀለም ስላለው ፍርዱን ያዛባል።

ሦስተኛ፣ የእጅ አንጓሽን ገልብጦ «ደም ሥርሽ ሰማያዊ ነው፣ ስለዚህ ቀዝቃዛ ነሽ» (ማለትም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀለም ይስማማሻል) የሚልሽን አትስሚ። በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ የደም ሥር ቀለም በግልጽ አይለይም፤ ቢለይም የአንገትሽንና የፊትሽን ነገር አይናገርም። እኔን የጎዳኝ ይኸው ነው። ስቱዲዮው መስኮት የሌለው ክፍል ነበር፣ ከላይ ነጭ አምፖል በርቷል። ሴትየዋ ከቢሮ እንደመጣሁ ከነሜካፔ አስቀመጠችኝ፣ እጄን ገለበጠች፣ ስልኳን አየች፣ «ክረምት ነሽ» አለች። ጨርቆቹ ከኋላዋ መደርደሪያ ላይ ተጣጥፈው ይታዩኛል። «አንዱን እንኳን አንገቴ ላይ አድርገሽ አታሳዪኝም?» ብላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ጠይም ሰው ሁሉ ክረምት ነው፤ የተማርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» ከዚያ ንጹሕ ነጭ፣ ጥቁር፣ ደማቅ ሰማያዊና ብርማ ቀለም የታተመበት ካርድ ሰጥታ ገንዘቧን ተቀበለች።

በዚያ ካርድ ነው ለአጎቴ ልጅ ሠርግ የሐበሻ ቀሚስ ያሠራሁት። እንደ በረዶ የነጣ ጨርቅ፣ ጥለቱ ሰማያዊና ብርማ። ሸማኔው የለፋበት የሚያምር ሥራ ነበር፣ እሱን አልወቅሰውም። ነገር ግን ፎቶው ሲወጣ ሁሉም ሰው ፊቱ ወዝ አለው፣ የእኔ አመድ መስሏል፤ ከአፌ ዙሪያና ከዓይኔ ሥር ጠቁሬ፣ ቀሚሱ ብቻውን ያበራል። አክስቴ ፎቶውን አይታ «ያን ቀን አሞሽ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ጥለት ደግሞ እንደ ቁልፍ ተፈትቶ የሚቀየር አይደለም፣ ከጨርቁ ጋር የተሸመነ ነው። ከወር ደመወዜ በላይ የፈጀ ቀሚስ ሳጥን ውስጥ ተኝቷል።

«ጠይም ሁሉ ክረምት» የሚለው ፍርድ የመጣው ከየት እንደሆነ በኋላ አንብቤ ደረስኩበት። አራቱ ወቅቶች በዓለም የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ ውስጥ በታተመ አንድ መጽሐፍ ነው፤ ያ መጽሐፍ ነጮቹን በአራቱም ወቅቶች ሲያከፋፍል ጥቁሮችንና እስያውያንን ግን አብዛኞቹን ክረምት ውስጥ ከተታቸው። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ከጊዜ በኋላ ይህን አርመውታል፤ እያንዳንዱን ወቅት ሦስት ቦታ ከፍለው 12 አድርገውታል፣ ጥቁር ሰውም በሁሉም ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል ይናገራሉ። የእኛዋ ሴትዮ ግን አሮጌውን ይዛ ታስከፍላለች።

የሚመዘኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ቀለሙ ይሞቃል (ወደ ቢጫ ያደላል) ወይስ ይቀዘቅዛል (ወደ ሰማያዊ ያደላል)፣ ይፈካል ወይስ ይጠቁራል፣ ጥርት ያለ ነው ወይስ የደበዘዘ። ጠይም መሆን ስለ ሁለተኛው እንጂ ስለ ሌሎቹ ሁለቱ ምንም አይናገርም። እኔና ታናሽ እህቴ ጎን ለጎን ብንቆም በጥቁረት አንለያይም። እሷ ወይን ጠጅ ስትለብስ ታበራለች፣ በሰናፍጭ ቢጫ ደግሞ የታመመች ትመስላለች። እኔ በትክክል የእሷ ተቃራኒ ነኝ፤ የሸክላ ቀይ፣ የወይራ አረንጓዴ፣ ጥቁር ቡኒ ስለብስ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ «ምን ተቀብተሽ ነው?» ይለኛል። እነሱ እንደሚሉት ጥቁር መኸር ነኝ፣ የሚሞቁና ጠቆር ያሉ ቀለማት የሚስማሙኝ ማለት ነው፤ ይህንንም ከአክስቴ ጋር መስኮት ሥር ተቀምጠን ያለ ማንም ባለሙያ ለየነው።

የምታደርጊው እንዲህ ነው። ጨርቆቹን አንዱ የሚሞቅ፣ ሌላው የሚቀዘቅዝ እያደረግሽ ጥንድ ጥንድ አድርጊ፦ በበረኪና የነጣ ነጭ ከክሬም ጋር፣ የቲማቲም ቀይ ከወይን ጠጅ ጋር፣ ጥቁር ከጥቁር ቡኒ ጋር፣ የሎሚ ቢጫ ከሰናፍጭ ቢጫ ጋር። አዲስ መግዛት አያስፈልግሽም፣ ከቤተሰብ ሻሽና ሻርፕ ተዋሺ። አንዱን አገጭሽ ሥር አድርጊና ወዲያው በጥንዱ ቀይሪው፤ ጨርቁን ሳይሆን ፊትሽን እዪ። የማይሆንሽ ቀለም ከዓይን ሥር ያለውን ጥላ ያጎላዋል፣ የአፍ ዙሪያውን ያጠቁረዋል፣ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ልብሱ ላይ ይሆናል። የሚሆንሽ ግን ፊትን አንድ ወጥ ያደርገዋል፣ የአገጭሽ መስመር ጥርት ይላል፣ ወዝሽ ይመለሳል። አንድ እውነቱን የሚነግርሽ ሰው አጠገብሽ ይቀመጥ፤ «ሁሉም ያምርብሻል» የምትል ጓደኛ አትጠሪ። በስልክ ፎቶ አትፍረጂ፤ ካሜራው ቀለሙን በራሱ እያስተካከለ ያታልላል፣ ፊትን የሚያሳምረው ማጣሪያ ከተጨመረበት ደግሞ ጭራሽ ዋጋ የለውም።

ይህን ሁሉ የሰው ወሬ ነው ለሚሉሽ የጎብላንን ታሪክ ንገሪያቸው። ሸቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት በፓሪሱ የጎብላን ሽመና ቤት የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳለ «ጥቁሩ ክር ደብዝዟል» የሚል ስሞታ ደረሰው። ሲመረምረው ማቅለሚያው እንከን የለበትም፤ ጥቁሩን ያደበዘዙት አጠገቡ የተሸመኑት ቀለማት ሆነው ተገኙ። ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1839 አሳተመው። ፊትሽም ከልብሱ አጠገብ እንዳለው ክር ነው፤ በዚያ ላይ ከጨርቁ የሚመለሰው ብርሃን አገጭሽ ሥር ያርፋል።

አሁን መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ቀሚስ የምታሠራ ሁሉ ለሸማኔው ከመክፈሏ በፊት ክሯን ይዛ ወደ እኔ ትመጣለች። ባለፈው መስከረም አንዲት ሙሽራ ይዛው የመጣችውን ብርማ ጥለት ወደ ወርቅማ አስቀየርኳት፤ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር የተነሳችውን ፎቶ እናቷ አስፍታ ሳሎን ሰቅላዋለች። አንድ ሳንቲም አልተቀበልኩም።

ወደ አንቺ ጉዳይ ልመለስ። የሚዜዎቹን ቀለም የምትወስነው ሙሽራዋ ስለሆነች ከእሷ ጋር አትጣዪ። ቀለሙ ካልሆነሽ ልብስ ሰፊው አንገቱን ዝቅ አድርጎ እንዲቆርጠው ጠይቂ፣ ለፊትሽ ቅርብ የሚሆነውን ጌጥና የከንፈር ቀለም ከራስሽ ወገን ምረጪ፤ ከወገብ በታች ያለው ቀለም ፊትን ብዙም አይነካም። የጨርቁን ቁራጭ ግን ዛሬውኑ አስመጪ፣ በቴሌግራም የተላከ ፎቶ አይበቃም። እኔ ታቦር አካባቢ ነኝ፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከተመቸሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ ግራጫውንም ሌሎቹንም ጨርቆች ይዤልሽ እመጣለሁ።