መልስ፦ ዝነኛ አትክልተኞች ያልተለመደ ሰብል ያስተክሉናል?

ዝነኞቹ ሰውን አዲስ ነገር ያስተክላሉ ወይ ላልከው፣ አዎ፤ ዘሩ እጅህ ከገባ። ብሪታኒያዊው የዕፅዋት ባለሙያና የቴሌቪዥን አቅራቢ ጄምስ ዎንግ ኩካሜሎን ስለምትባል ተክል አውርቶ ብቻ አልቀረም። ከዘር ሻጩ ሰተንስ ጋር ሆኖ ዘሯን ገበያ ላይ አወጣ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ኩካሜሎን የወይን ፍሬ የምታክል፣ መልኳ ሐብሐብ፣ ጣዕሟ ኪያር የሆነች ነገር ናት። ብዙም አታስቸግርም። ኦካ የሚባለው የአንዲስ ተራሮች ሥራሥር ግን ሌላ ጣጣ ነው። ቀኑ ካላጠረ ከሥሩ አይቋጥርም። ውርጭ ከቀደመህ ድካምህ ገደል ገባ! ይሄ ደግሞ ለካሜራ አይመችም።

ለጀማሪ ኩካሜሎን ትሻላለች። ብቻ ሳትለሰልስ፣ ጠጠር እንዳለች ቅጠፋት።