ስዊቹ ይሠራል፣ እኔን ግን አላስገባም አለ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የትምህርት ቤታችንን ላቦራቶሪ ሲስኮ 2960 ስዊች (ኮምፒውተሮቹን በገመድ የሚያገናኘውን ሳጥን) የማየው እኔ ነኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት የስዊቹን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻውን) ከቪላን 1 አንስቼ ወደ ቪላን 99 አዛወርኩት፤ ቪላን ማለት አንዱ ስዊች ውስጥ ተለይቶ የሚከፈል ኔትወርክ ነው። ደህና ይሠራ ነበር። ማክሰኞ መብራት ሄዶ መጣ። ኮምፒውተሮቹ ኢንተርኔት ያገኛሉ፤ ስዊቹ ግን በኤስኤስኤች (ከርቀት ገብቼ በማዝበት መንገድ) አላስገባኝ አለ፣ ፒንግም («አለህ ወይ?» ብዬ ስልክበት) አይመልስም። ተቃጠለ እንዴ? ሪሴት ላድርገው?
የአይሲቲ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

መልስ፦ ወንድሜ፣ እጅህን ከሞድ ቁልፉ ላይ አንሳ። ያቺን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭነህ ከያዝካት ስዊቹ ያስገባህለትን ሁሉ ረስቶ ይነሳል። አልተቃጠለም። ቢቃጠል ኮምፒውተሮቹ በምን ይገናኛሉ?

ቪላን 99ን ከሠራህ በኋላ «ራይት ሜሞሪ» ብለህ ሴቭ አድርገሃል? እንዳላልክ እጠረጥራለሁ። ያስገባኸው ትእዛዝ ወዲያው ይሠራል፤ የሚቀመጠው ግን ራም ላይ ነው፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። አንተ አዲሱን አይፒ ታንኳኳለህ፣ እሱ የድሮ ቤቱ ገብቶ ተቀምጧል።

ላፕቶፕህን ቪላን 1 ላይ ያለ ፖርት ላይ ሰካ። የድሮው አይፒ 192.168.1.2 ከነበረ ላፕቶፑን በእጅህ 192.168.1.50 አድርገው፣ ማስኩ 255.255.255.0። ፒንግ ከመለሰ ተገላገልክ።

ካልመለሰ ኮንሶል ነው፣ ማለትም ላፕቶፑን ከስዊቹ ኮንሶል ፖርት ጋር በገመድ አገናኝተህ በቀጥታ መግባት። ያችን ሰማያዊ ጠፍጣፋ ገመድና ወደ ዩኤስቢ የሚቀይረውን ፈልግ። ፑቲ በሚባለው ፕሮግራም ላይ ሲሪያል ምረጥ፣ ፍጥነት 9600። ስክሪኑ ባዶ ቢሆን አትደንግጥ፣ ኤንተር ምታ። የተዘበራረቀ ፊደል ከመጣ ፍጥነቱን ተሳስተሃል።

ስትገባ «ሾው ቪላን» ብትል 99ን ታየው ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። የቪላኖቹ ዝርዝር ፍላሽ ላይ በሌላ ፋይል ስለሚቀመጥ መብራት አይወስደውም። አይፒው ግን የለም። «ሾው አይፒ ኢንተርፌስ ብሪፍ» ብለህ አረጋግጥ። አይፒውን መልሰህ ሰጥተኸውም ፕሮቶኮሉ ዳውን ካለ፣ ቪላን 99 የሚያልፍበት አንድም የበራ ፖርት የለም ማለት ነው። ወደ ራውተሩ የሚሄደው ፖርት ትራንክ (ብዙ ቪላን በአንድ ገመድ የሚያሳልፍ) መሆኑን እይ። አጠገቡ ሆነህ ገብተህ ከቢሮ እምቢ ካለህ ደግሞ «አይፒ ዲፎልት ጌትዌይ» (ስዊቹ ወደ ሌላ ኔትወርክ የሚወጣበት አድራሻ) ጎድሏል።

እኔም አንድ እሑድ ከቤቴ ሆኜ የአንድ መሥሪያ ቤት ስዊች ላይ ቪላን ስነካካ ኤስኤስኤቹ ድርቅ አለብኝ። ጥበቃውን ለምኜ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ ኃይሉን ነቅዬ ሰካሁት፣ ወደ ድሮው ተመለሰ። ያን ቀን ሴቭ አለማድረጌ አዳነኝ። አሁን እንዲህ ያለ ነገር ከመንካቴ በፊት «ሪሎድ ኢን 10» እላለሁ። በሩ ከተዘጋብኝ በ10 ደቂቃ ራሱ ተነስቶ የድሮውን ይይዛል፣ ጥበቃም አልለምን። ከተሳካ «ሪሎድ ካንስል»፣ ቀጥሎ ያቺ አንተ የረሳሃት «ራይት ሜሞሪ»።