ሲናፕቲክ ወይስ አፕ ሴንተር? ከልምዴ ልንገርህ

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። አሮጌ ላፕቶፕህ ላይ ኡቡንቱ 24.04 የሚባለውን ሊኑክስ ጭነሃል፣ ኢንተርኔት ከስልክህ በሆትስፖት ነው፣ ተርሚናል (ትእዛዝ በፅሁፍ የሚሰጥበት መስኮት) መንካት አትፈልግም፣ የኡቡንቱ የራሱ ሶፍትዌር መጫኛ አፕ ሴንተር ደሞ ይንቀራፈፍብሃል፣ እና ሶፍትዌር ለመጫንም ለማጥፋትም የቱን ልያዝ ነው ያልከው። ከላይ የመለሱልህ ልጆች "ተርሚናል ልመድ" ብለውሃል፣ እኔ አልስማማም፣ በማውስ መስራት የፈለገ ሰው በማውስ ይስራ፣ ለሱም የሚሆን በጣም ጥሩ ነገር አለ።

እኔ አራት ኪሎ አካባቢ የአንድ ፅሁፍና ኮፒ ቤት ኮምፒውተሮችን የማየው እኔ ነኝ፣ ግማሹ ኡቡንቱ ግማሹ ሚንት (በኡቡንቱ ላይ የተሰራ ሌላ ሊኑክስ) ነው። ሁሉም ላይ የምጠቀመው ሲናፕቲክን ነው፣ በማውስ ሶፍትዌር መጫኛና ማጥፊያ ፕሮግራም ነው። መልኩ ያረጀ ነው፣ የተጠቃሚዎች የኮከብ ደረጃ የለው፣ የፓኬጅ (የሶፍትዌር ጥቅል) ስም ዝርዝር ነው የምታየው፣ መጀመሪያ ስትከፍተው ሊያስጠላህ ይችላል። ግን አንድም ነገር ከማውረዱ በፊት ምን ሊያደርግ እንደሆነ ቁጭ አድርጎ ያሳይሃል፣ በዳታ ለሚጠቀም ሰው ደሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም።

እንዴት መሰለህ፣ ስሙ ፊት ለፊት ትንሽ ሳጥን አለች፣ ነጭ ከሆነች አልተጫነም፣ አረንጓዴ ከሆነች ተጭኗል፣ አረንጓዴ ላይ ቢጫ ኮከብ ካለ አዲስ ቨርዥን መጥቷል ማለት ነው። ሳጥኗን ነክተህ ለመጫን ማርክ ስታደርገው አብረው መግባት ያለባቸውን ፓኬጆች ዘርዝሮ ይጠይቅሃል፣ ከዛ አፕላይ ስትል ሌላ መስኮት ይመጣል፣ ስንት ፓኬጅ ሊገባ ነው፣ ስንት ሊጠፋ ነው፣ ስንት ሜጋ ይወርዳል፣ ዲስክ ላይ ስንት ይይዛል፣ ሁሉንም። ሜጋው ከበዛብህ ካንስል ብለህ ትወጣለህ፣ ምንም አልተነካም። በተለይ ስታጠፋ ይሄን መስኮት ሳታነብ እንዳታልፍ፣ አንድ ተራ ነገር ላጥፋ ብለህ አብሮት ዴስክቶፕህን ጨምሮ ብዙ ነገር ሊነሳ የሚችልበት ጊዜ አለ፣ እዛ ላይ ታየዋለህ።

አንድ ነገር ግን ልብ በል፣ ይሄ የሚወርደው ሜጋ ቁጥር ኡቡንቱ ላይ የማይሰራበት ቦታ አለ። ፋየርፎክስን ከሲናፕቲክ ብትጭን ማውረጃው በጣም ትንሽ ኪሎባይት ነው ይልሃል፣ ምክንያቱም ከ22.04 ጀምሮ እዛ ያለው ፓኬጅ ዋናውን ፋየርፎክስ በስናፕ (ኡቡንቱ ከሲናፕቲክ ውጭ አፕ የሚያመጣበት ሌላ መንገድ) እንዲያመጣ የሚያዝ ባዶ ነገር ነው፣ ዋናው ማውረድ የሚጀምረው ከዛ በኋላ ነው፣ ሆትስፖትህን ይበላዋል። ክሮሚየምም እንደዛው ነው፣ 24.04 ላይ ተንደርበርድም ተጨምሯል። ስናፕ ደሞ ራሱን በቀን 4 ጊዜ አፕዴት አለ ወይ እያለ ያያል፣ ካገኘ ሳይጠይቅህ ያወርዳል፣ ዳታዬ የት ገባ የሚሉ ሰዎች መጀመሪያ ይሄን ቢያዩ ጥሩ ነው። ሚንት ከ20 ጀምሮ ስናፕን ዘግቶት ነው የሚመጣው፣ ፋየርፎክስም በዴብ (ሲናፕቲክ በሚጭነው የዴቢያን ፓኬጅ) ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ወደፊት ፎርማት ካደረግክ ሚንትን አስብበት፣ ሲናፕቲክም እዛ ተጭኖ ነው የሚመጣው።

አሁን ለኛ አገር በጣም የሚጠቅመውን ልንገርህ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። የምትፈልገውን ማርክ አድርገህ አፕላይ ሳትል ፋይል የሚለው ሜኑ ውስጥ ግባ፣ የማውረጃ ስክሪፕት የሚያወጣ አማራጭ አለ። በውስጡ የየፓኬጁ ሊንክ የተፃፈበት ፋይል ይሰጥሃል፣ እሱን በፍላሽ ይዘህ ካምፓስም ይሁን ቢሮ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ሄደህ ታወርዳለህ፣ ስትመለስ እዛው ሜኑ ላይ የወረዱ ፓኬጆችን አስገባ በሚለው ፎልደሩን ታሳየዋለህ፣ በቃ ከራስህ ዳታ ሳይነካ ይጭናል። እኛ ቤትማ አንዱ ኮምፒውተር ላይ አንዴ አውርደን ለሌሎቹ በፍላሽ ነው የምናዞረው፣ የኡቡንቱው ቨርዥን አንድ አይነት እስከሆነ ድረስ ይሰራል። ለዚህ ሴቲንግ ውስጥ ፋይልስ በሚለው ታብ የወረዱት ፓኬጆች እንዳይጠፉ የሚለውን ምረጥ።

መብራትስ ካልክ፣ እየተጫነ እያለ ከጠፋና ባትሪህ የሞተ ከሆነ ሲናፕቲክን መልሰህ ስትከፍት ስራው ተቋርጧል ብሎ አንድ ትእዛዝ ይፅፍልሃል፣ እሷን አንዲት መስመር ተርሚናል ላይ መለጠፍ ግድ ነው፣ ከዛ ኤዲት ውስጥ የተበላሹ ፓኬጆችን አስተካክል የሚለውን ትነካለህ። አትደንግጥ፣ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ሌላው፣ አፕ ሴንተርና ሲናፕቲክን አንድ ላይ አታስኪድ፣ ሎክ ማግኘት አልቻልኩም ካለህ ከኋላ ሌላ አፕዴት እየሰራ ነው፣ ጠብቀው። የሎኩን ፋይል አጥፋ የሚሉህን ቪዲዮዎች እባክህ አትስማ።

ሌሎቹን የሶፍትዌር መጫኛዎች በአጭሩ፦ የኬዲኢ ዲስከቨር ቆንጆ ነው፣ ኩቡንቱ (ኬዲኢ በሚባለው ዴስክቶፕ የሚመጣው ኡቡንቱ) ላይ ብሆን እሱን እጠቀም ነበር፣ ላንተ ላፕቶፕ ግን አልመክርም። የሚንት ሶፍትዌር ማናጀር አዲስ አፕ ለማሰስ ይመቻል። ፍላትፓክ (እንደ ስናፕ ያለ ሌላ አፕ ማምጫ መንገድ) ራሱን የቻለ ጥሩ ነገር ነው ግን የመጀመሪያው አፕ ሲገባ ራንታይም የሚባል ከባድ ነገር አብሮ ይወርዳል፣ በዋይፋይ ካልሆነ አትጀምረው።

ሲናፕቲክን ራሱን ለማግኘት ያንኑ አፕ ሴንተርህን ክፈትና ስሙን ፈልግ፣ መጀመሪያ ስናፕ ብቻ ስለሚያሳይህ የለም እንዳትል፣ ፊልተሩን ወደ ዴቢያን ፓኬጅ ቀይረው፣ ይመጣል። ሲገባ መጀመሪያ የፓኬጅ ዝርዝሩን እንዲያድስ ሪሎድ በለው። ከዛ መሞከሪያ ከፈለግክ ሰርች ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል አቢሲኒካ (abyssinica) ብለህ ፈልግ፣ የአማርኛ ፎንቱ ይመጣልሃል፣ ትንሽ ነው፣ እሱን ጭነህ እያንዳንዱን መስኮት እያነበብክ እለፍ። ካልገባህ የሚመጣውን ሜሴጅ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ልጠፍልኝ፣ ማታ ማታ አለሁ።